«ፋይን» እና አዲሱ የደሴ ልጅ እንግሊዝ አገር

እኛ ጋ ሰላምታ ጊዜ ይወስዳል። ደሴ ፒያሳ ላይ የምታውቀው ሰው ካጋጠመህ እናትህ፣ ልጆቹ፣ ሥራው፣ ዝናቡ ሳይቀር ተጠይቆ ነው የምትለያዩት። እንግሊዝ ውስጥ ጎረቤትህ «ሃው አር ዩ?» ብሎህ መልስህን ሳይሰማ ሊያልፍ ይችላል። አልናቀህም፣ ሰላም ማለቱ ነው። «ፋይን፣ ታንክስ»፣ ማለትም «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» በልና መንገድህን ቀጥል።

ይህችው መልስ ሐኪም ፊት ግን ጉድ ትሠራለች። የወሎ ሰው የቱንም ያህል ቢያመው መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ሕመሙ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ጋ ጠያቂው ይህን ስለሚያውቅ ይጠብቃል። እዚህ የሰፈር ሐኪምህ፣ ጂፒ የሚሉት፣ ለአንድ ሰው ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። «አይም ፋይን» ካልከው እንዳልከው ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ምስጋናውን በልብህ አድርግና የት እንደሚያምህ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ቀጥታ ተናገር። እንግሊዝኛው ከከበደህ ቀጠሮ ስትይዝ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ በኤንኤችኤስ፣ በመንግሥት የጤና አገልግሎቱ፣ በነጻ ነው። ልጅህን ግን አታስተርጉም። የአባትን ሕመም በልጅ አፍ ማስነገር ለሁለታችሁም ከባድ ነው።

ሰው ቤት ስትጋበዝም ቃሏ ትጠብቅሃለች። ወሎ ላይ መጀመሪያ «ኧረ በቃኝ» ማለት ወግ ነው። ባለቤቷ «በሞቴ!» ትላለች፣ ትንሽ ታንገራግራለህ፣ ከዚያ ትጎርሳለህ። ከአቦሉ እስከ በረካው ልመና ነው። እዚህ ኬክ ቀርቦልህ «ኖ፣ አይም ፋይን» ካልክ «አልፈልግም» ብለሃል። አለቀ። ሳህኑ ዓይንህ እያየ ወደ ሚቀጥለው ሰው ያልፋል! ስስት እንዳይመስልህ፣ ቃልህን ማክበራቸው ነው። ከፈለግህ በመጀመሪያው «የስ፣ ፕሊስ» በል፤ ማንም አይታዘብህም።

ድምፁንም ልብ በል። የቤት ተጋሪህ ፊቱን ቋጥሮ «ፋይን!» ካለህ ተስማማ ማለት አይደለም፤ ተናዷል።

ኪስ የምትነካው ደግሞ ሌላኛዋ ፋይን ናት፦ ቅጣት። ኮምቦልቻ ትራፊክ ክስ ሲጽፍብህ ቢያንስ ሰውዬውን ታየዋለህ፣ ትለማመጠዋለህ። እዚህ መኪናህን ያለቦታው አቁመህ ስትመለስ ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይጠብቅሃል። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ፋይን የሚል ቃል ላታገኝ ትችላለህ። «ፔናልቲ ቻርጅ ኖቲስ» ካለ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ከካውንስሉ ነው። መክፈያው 28 ቀን ነው፤ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈልክ ግን ግማሹ ይቀርልሃል። ያለ አግባብ ነው ካልክ ሳትከፍል፣ በዚያው በ14 ቀን ውስጥ አቤቱታህን ጻፍ። «ፓርኪንግ ቻርጅ ኖቲስ» ካለ ግን ከግል ድርጅት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ባጭሩ ፒሲኤን ስለሚባሉ ሰው ያምታታቸዋል። የግሉ የመንግሥት ቅጣት ሳይሆን ድርጅቱ የሚጠይቅህ ሒሳብ ነው። ያም ሆኖ ፍርድ ቤት ሊወስድህ ስለሚችል አትጣለው፤ እሱም የራሱ የይግባኝ መንገድ አለው።

የእኛ ሰው ፖስታውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ መክተት ይወዳል። ቀኑ ግን መሳቢያ ውስጥም ይቆጥራል። ቤት ስትቀይር ደግሞ የመኪናህ ሊብሬ ላይ ያለውን አድራሻ አስቀይር፤ ክፍያ የለውም። አለዚያ ደብዳቤው አሮጌው ቤት እየሄደ ዕዳህ ይቆለላል። አድራሻውን አለመቀየር ራሱ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል።