የአጫጭር ልቦለዶችን መድበል አንብቦ ሐሳብ ለመስጠት፤ ለድሬዳዋና ለሐረር አንባቢዎች

«ጥሩ መጽሐፍ ነው» ወይም «አልወደድኩትም» የሚለው አስተያየት ስለ አንድ ረጅም ልቦለድ ሲሆን ትንሽ ያስኬድ ይሆናል። 12 ታሪክ ስለያዘ መድበል ሲሆን ግን ምንም አይነግረንም። የትኛው ታሪክ? የቱ ጋ? ደራሲው በአራተኛው ተሳክቶለት በአምስተኛው ሊሰናከል ይችላል። ስለዚህ ሐሳባችሁ ታሪክ በታሪክ፣ ገጽ እየተጠቀሰ ይሁን። አንድ መድበል በ2 ሳምንት አንብቦ በንባብ ክበብ ፊት ለመናገር ይህ አካሄድ ይበቃል።

ስትገዙ መጀመሪያ ማውጫውን ክፈቱ። 180 ገጽ ላይ 12 ርዕስ ካለ በአማካይ 15 ገጽ ይደርሳል፤ የአጭር ልቦለድ ልክ ነው። በዚያው 180 ገጽ 40 ርዕስ ከተደረደረ ግን ብዙው ወግ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሁለቱን እዚያው ቆማችሁ ቅመሱ። በእኛ አገር ወግና አጭር ልቦለድ በአንድ ሽፋን መውጣታቸው የተለመደ ነው፤ ችግሩ አንባቢ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ሲያስቀምጣቸው ነው። ወግ ላይ ጸሐፊው ራሱ እያወጋ ሐሳቡን ያንሸራሽራል። አጭር ልቦለድ ላይ አንድ ሰው አንድ ነገር ይፈልጋል፣ የሚያግደው አለ፣ መጨረሻ ላይ የሆነ ነገር ይለወጣል። ወጉን «ግጭት የለውም» ብሎ መክሰስ ደራሲውን መበደል ነው። መግቢያውንም እዩ፤ ታሪኮቹ ቀድሞ በጋዜጣ ወይም በመጽሔት ወጥተው ከሆነ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል፣ የአጻጻፉ መለያየትም ከዚያ ይመጣል። የጀርባ ሽፋን ላይ ያለውን ምስጋና ግን አንብባችሁ እስክትጨርሱ አትንኩት።

አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 አጭር ልቦለድ በአንድ ቁጭታ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚነበብ መሆን እንዳለበት ጽፎ ነበር። የእኛ የሥነ ጽሑፍ መምህራን «ነጠላ ውጤት» የሚሉት ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ታሪኩ አንድ ስሜት ይዞ ነው የሚገነባው፣ መሀል ላይ ካቋረጣችሁት ያ ስሜት ይበተናል። ድሬዎች በዚህ ዕድለኞች ናቸው። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሱቁ ተዘግቶ ሰው እስከ 9 ሰዓት ሲያርፍ፣ 15 ገጽ በእርጋታ ይነበባል። በአንድ ቀን አንድ ታሪክ ይበቃል፣ ቢበዛ ሁለት። ሦስተኛውን የሚያነበው የደከመ ዓይን ነው፤ ብዙ ጊዜ «መድበሉ ወደ መጨረሻው ደከመ» የሚባለውም አንባቢው ራሱ ደክሞ ስለጨረሰው ነው።

እርሳስ ያዙ፤ ምልክቱ ሦስት ብቻ ይሁን። ነገሩ የተለወጠበት ቦታ ላይ መስመር፣ ያላመናችሁት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት፣ እየተመላለሰ በሚመጣ ቃል ወይም ዕቃ ላይ ክብ። ታሪኩ እንዳለቀ፣ ከመቀመጫችሁ ሳትነሱ፣ ደብተር ላይ ሦስት መልስ ጻፉ፦ ማን ምን ፈለገ? ምን ተለወጠ? በዓይኔ የቀረው ምንድን ነው? ሁለተኛው መልስ ከጠፋባችሁ የመጨረሻውን ገጽ አንብባችሁ ወዲያው ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱ። ደህና ደራሲ ፍንጩን ያኖረው እዚያ ነው።

ለምሳሌ ያህል እኛው ያዘጋጀነውን አንድ ታሪክ እንይ። ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ደንበኛው አሰፍታ ሳትወስደው የቀረችውን ቀሚስ 22 ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ሳያወርድ ያኖረዋል። አንድ ቀን አንዲት ልጅ መጥታ «እናቴ ያሰፋችው ነው አሉኝ» ትላለች። ሰውዬው ምንም አይላትም። ቀሚሱን አውርዶ አቧራውን ያራግፋል፣ የልጅቷን ወገብ በዓይኑ ይለካል፣ የስፌት መኪናው ላይ ቁጭ ብሎ ጎኑን ሁለት ጣት ያህል ያጠበዋል። ዋጋ አይጠይቅም። ታሪኩ እዚህ ቢያቆም ያልተነገረው 22 ዓመት በሁለት ጣት ጨርቅ ውስጥ ገብቷል። ደራሲው ግን «እውነተኛ ፍቅር ዘመን አይሽረውም» የሚል አንቀጽ ጨመረበት እንበል። ደብተራችሁ ላይ «መጨረሻው ደካማ ነው» ብላችሁ አትለፉ። «ገጽ 47፣ የመጨረሻው አንቀጽ፤ ስፌቱ የነገረንን ደራሲው ደግሞ ነገረን» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ሲሆን የማይስማማ ሰውም ገጹን ገልጦ ሊከራከራችሁ ይችላል።

መቼት ላይ፣ ማለትም ታሪኩ በሚሆንበት ጊዜና ቦታ ላይ፣ የአካባቢው ሰው የሚያየውን ሌላ አያይም፤ ስለ ድሬ ወይም ስለ ሐረር የተጻፈ ታሪክ ሲገጥማችሁ ጨክኑበት። የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ውሃው የሚመጣው ከዙሪያው ደጋ ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ገጸ ባህሪው በጥር ወር ደቻቱ ዳር ቁጭ ብሎ የወንዙን ፏፏታ ካዳመጠ ደራሲው ቦታውን አያውቀውም። የድሬዳዋው ሰፈር ከዚራ መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ ነው፤ ሰው ጠመዝማዛ ውስጥ ገብቶ መውጫው ጠፋው ከተባለ የድሬው መጋላ ወይም በግንብ የታጠረው የሐረር ጀጎል ይሁን። ይሁንና እንዲህ ያለ ስህተት ታሪኩን የሚጥለው ነገሩ ቦታው ላይ ከተንጠለጠለ ብቻ ነው፤ በጎን ያለፈች ስህተት ከሆነች አንድ መስመር ይበቃታል።

ንግግሩን ለመፈተን የተናጋሪዎቹን ስም በእጃችሁ ሸፍናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ማን እንደሚናገር ካልለያችሁ ሁሉም የሚያወሩት በደራሲው አፍ ነው። የበጃጅ ሹፌሩ እንደ ዜና አንባቢ ማውራቱ በአሁኖቹ መድበሎች በጣም ተደጋግሞ የሚታይ ጉድለት ነው። በየመስመሩ «አቦ» መጨመርም አንድን ሰው የድሬ ልጅ አያደርገውም። አማርኛው ከኦሮምኛ፣ ከሶማልኛና ከሐረሪ ጋር የሚኖርበት ከተማ ነውና ማን ከማን ጋር ሲሆን ቋንቋውን እንደሚቀይር የያዘ ደራሲ ሲገኝ አድናቆቱን አትንፈጉት። «ለካስ ሕልም ነበር» የሚል አጨራረስም እንዲሁ የተለመደ ነው፤ አንባቢው 14 ገጽ ሙሉ ያመነውን ስለሚነጥቀው መቼም አንወደውም። የፊደል ግድፈት ከበዛ ቁጥሩን ጥቀሱ፣ ነገር ግን የአርትዖት ጥፋት እንጂ የታሪኩ ጥፋት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ሀ እና ሐ መቀያየር ብቻውን ግድፈት አይደለም።

መድበሉ ሲያልቅ ሦስት ታሪክ ምረጡ፤ በጣም የወደዳችሁትን፣ የጠላችሁትንና ያልገባችሁን። ደግማችሁ አንብቧቸው። ብዙ ጊዜ ያልገባው ከተወደደው ይበልጣል። ከዚያ ቁጠሩ፦ ስንቱ በአንደኛ መደብ፣ «እኔ» እያለ፣ ተተረከ? ስንቱ በሞት አለቀ? ከ12ቱ 7ቱ በሞት ካለቁ ይህ ራሱ ሐሳብ ነው። ገጸ ባህሪያት ከአንዱ ታሪክ ወደ ሌላው ከተሻገሩም ልብ በሉ፤ ደራሲው አዳም ረታ በእንጀራ መስሎ «ህጽናዊነት» የሚለው ዓይነት ትስስር ከሆነ ታሪኮቹን ነጥሎ መፍረድ አይቻልም።

ክበቡ ከ6 እስከ 8 ሰው ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ ሲበልጥ ሁለት ሰው ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ከዚራ ዛፎች ሥር ወይም አንዱ ቤት ቡና አፍሉ። ለእያንዳንዱ ሰው 5 ደቂቃ ይመደብለት፣ አንድ ታሪክም ይምረጥ፤ መጀመሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፉ ያንብብ፣ ሐሳቡ ከዚያ ይከተል። ሁለት ሰው አንድ ታሪክ ቢመርጥ ደስ ይበላችሁ፣ ጥሩው ክርክር የሚነሳው እዚያ ነው። ላላነበበ ሰው ስትጽፉ የታሪኩን ፍጻሜ አትግለጡ። «መጨረሻው ላይ ልብስ ሰፊው ቀሚሱ ላይ የሚያደርገውን እዩ» ማለት ይበቃል። ደራሲው ተጋብዞ ከመጣም ያዘጋጃችሁትን ገጽ እንዳለ አንብቡለት፤ ቀድሞ የተጻፈ ነቀፌታ በፊቱ ሲለሰልስ ለእሱም አይጠቅመውም።

ቅጂ ካነሰ ፎቶ ኮፒ አታባዙ፤ ደራሲው የሚያገኘው ከሽያጩ ነው። ለ6 ሰው 3 ቅጂ በመዋጮ ግዙ። አንድ ቅጂ ለሁለት ሰው ይደርሳል፣ በየ3 ቀኑም እጅ ይቀያየራል። ተረካቢው ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ወይም በጃጅ ውስጥ እንዳይተወው አስጠንቅቁት፤ በሙጫ ብቻ የተጠረዘ መጽሐፍ በዚያ ሙቀት ሙጫው ላልቶ ገጹ ይረግፋል፣ መጀመሪያ የሚወልቀውም ብዙ የተገለጠው ታሪክ ነው።