አዲስ የቅንጦት መኪና ለጎጃም መንገድ፦ አስቀድማችሁ ጎማውን ተመልከቱ

በደብረ ማርቆስ፣ በሞጣና በጮቄ ተራራ ዙሪያ ለመንዳት አዲስ የቅንጦት ኤስዩቪ የምትገዙ ሁሉ፣ ከቆዳ ወንበሩና ከሰፊው ስክሪን አስቀድማችሁ ጎማውን እንድትመረምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ፎር ዊል ድራይቭ መኪናው ከቆመበት እንዲነሣና ዳገት እንዲወጣ ይረዳዋል እንጂ የፍሬን ርቀትን አያሳጥርም፤ በክረምት በረዶ ጥሎ አስፋልቱን በሸፈነው ጊዜ ወይም ጥቁሩ አፈር በላቆጠ ጊዜ፣ መሬቱን ቆንጥጦ መኪናውን የሚያቆመው የጎማው ጥርስ ነው። ለሞቃት አየር የተሠራው የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየጠነከረ መንገድ የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ለጮቄ ማለዳ ለሁሉም ወቅት የተሠራ ጎማ ይሻላል። የቅንጦት መኪኖች ብዙ ጊዜ በትልቅ ቸርኬና ጎኑ አጭር በሆነ ስስ ጎማ ስለሚመጡ፣ ይህም በኮረኮንች ላይ ቸርኬውን ለጉዳት ስለሚያጋልጥ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አነስ ባለ ቸርኬና ጎኑ ከፍ ባለ ወፍራም ጎማ እንዲለወጥላችሁ ጠይቁ። ስኮርታ ጎማ መኖሩንም አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ የላቸውም።

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ብዙው አዲስ መኪና የኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዳችሁ በፊት ባትሪውን እስከ 100 በመቶ አትሙሉት፤ በቁልቁለት የኤሌክትሪክ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ኃይል ያመነጫል፤ ሙሉ ባትሪ ግን ይህን ኃይል መቀበል ስለማይችል፣ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይቀንስና ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ለመውረጃው 80 በመቶ ገደማ ይበቃል።