የሚስማማዎትን የልብ ወለድ አጻጻፍ ሂደት እንዴት ያገኛሉ?

ልብ ወለድ መጻፍ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው የታወቁ ደራስያን እንዴት እንደሚሠሩ ነው። ፍላጎቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚያገኛቸው መልሶች ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ በፖስታ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ በሚሠራበት ዘመን፣ ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት በየማለዳው ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፍ ነበር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ፍሎቤር በአንጻሩ ስሙን ካስጠራው ልብ ወለድ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1851 እስከ 1856 አምስት ዓመት ያህል ታግሏል። ቭላድሚር ናቦኮቭ ደግሞ በትንንሽ ካርዶች ላይ ይጽፍ ስለነበር፣ የታሪኩን መካከል ከመጀመሪያው አስቀድሞ መሥራት ይችል ነበር። ሦስቱም የጀመሩትን ጨርሰዋል። የትኛው መንገድ ለእርስዎ እንደሚሆን ግን ከእነርሱ ልማድ ማወቅ አይቻልም፤ ይህን የሚያሳይዎት እርስዎ ራስዎ ሲጽፉ የሚይዙት መዝገብ ነው።

ሙከራውን በረጅም ልብ ወለድ አይጀምሩ። ከ1,500 እስከ 3,000 ቃላት የሚሆን አጭር ልብ ወለድ ይምረጡ፤ ምክንያቱም አንድን የአጻጻፍ ሂደት መመዘን የሚቻለው ከሐሳብ እስከ መጨረሻው ረቂቅ ድረስ ሲኬድበት ብቻ ነው፤ በረጅም ሥራ ይህን ለማየት ደግሞ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ከጽሑፉ ጎን አንድ ደብተር ያስቀምጡና በእያንዳንዱ የሥራ ጊዜ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይጻፉ፤ ለምሳሌ፦ «ማክሰኞ፣ 25 ደቂቃ፣ 180 ቃላት። ሽማግሌው ገበያ ሲደርስ ቆምኩ። ገዢዋ ምን እንደምትለው አላወቅኩም።» ከዚህ መስመር ውስጥ የቃላቱ ቁጥር እምብዛም አይጠቅምም። ዋናው የቆሙበት ቦታና የቆሙበት ምክንያት ነው።

ሁለቱን ዋና ዋና መንገዶች፣ አስቀድሞ ማቀድንና እየጻፉ ማግኘትን፣ በአንድ ታሪክ ላይ እንያቸው። አንድ ሽማግሌ የሟች ሚስቱን ቀሚስ ሊሸጥ ይወጣና ሳይሸጠው ይመለሳል እንበል። ዕቅድ አውጥቶ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ስምንት ያህል አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ይደረድራል፤ ሽማግሌው ገንዘብ ቸገረው፣ ሣጥኑን ከፈተ፣ ቀሚሱን ይዞ ወጣ፣ አንዲት ገዢ ቀሚሱን ለብሳ ልታየው ጠየቀች፣ እያለ ይቀጥላል። ይህ ዕቅድ ይሥራ አይሥራ የሚታወቅበት ቀላል ፈተና አለ። ተከታትለው የመጡ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ቦታ ያለዋውጡ፤ ታሪኩ ምንም ካልሆነ፣ አንዱ ሌላውን የሚያስከትልበት ምክንያት የለም ማለት ነው፤ ስለዚህ በዚያ ቦታ ላይ ገና የሚታሰብ ነገር ይቀራል።

እየጻፈ የሚያገኝ ሰው ግን የታሪኩን መጨረሻ ሳያውቅ ከአንድ ነገር ይነሣል፦ «ቀሚሱን አራት ቦታ አጠፈው። ሦስት ቦታ ማጠፍ ይበቃ እንደነበረ ያወቀው፣ የእርሷ እጥፋት መስመሩ ጨርቁ ላይ ቀርቶ ሲያየው ነው።» ይህን የጻፈ ሰው ሽማግሌው ቀሚሱን እንደማይሸጠው ገና አላወቀም ይሆናል፤ እጁ ግን ቀድሞታል። የዚህ መንገድ ዕዳ የሚከፈለው በኋላ ነው። ረቂቁ ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ዓረፍተ ነገር አውጥቶ ዕቅዱን ካለቀው ረቂቅ ተነሥቶ መሥራት ግድ ይሆናል፤ ከትዕይንቶቹም ጥቂት የማይባሉት ይጣላሉ። መጣል የሚያመው ጸሐፊ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ብዙ ሰው በሁለቱ መካከል ነው። አሜሪካዊው ጆን ኧርቪንግ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሳያገኝ መጽሐፍ እንደማይጀምር ተናግሯል፤ መድረሻውን አውቆ ጉዞውን ክፍት መተው አንዱ የመካከል መንገድ ነው። እኔ በበኩሌ ለአንድ ታሪክ 40 ገጽ የሚሆን ዕቅድ ካወጣሁ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ልጽፍ ስቀመጥ የምናገረው ሁሉ ያለቀብኝ መስሎ ተሰምቶኝ ትቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ገጽ የሚበልጥ ዕቅድ አልጽፍም። ይሁን እንጂ ያለ ሰፊ ዕቅድ አንድ ምዕራፍ እንኳ የማይጽፍ ወዳጅ ስላለኝ፣ የእኔን ልክ ለማንም አልመክርም።

ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ደብተሩን መልሰው ያንብቡ። የሚቆሙት ሁልጊዜ መጀመሪያው ገጽ ላይ ከሆነ፣ ምናልባት እየጻፉ እያረሙ ነው፤ ያለፈውን ገጽ እንዳያዩ ሸፍነው ወይም አዲስ ወረቀት ይዘው ይሞክሩ። ረቂቁን ጨርሰው እርማቱ ላይ የሚቆሙ ከሆነ፣ ጽሑፉን ለጥቂት ሳምንታት ያቆዩትና ጮክ ብለው ያንብቡት።

አብዛኛው ሥራ የሚሞተው ግን መካከሉ ላይ ነው፤ ይህም ረዘም ያለ ሐሳብ ይፈልጋል። መካከል ላይ የቆመ ጸሐፊ ጥፋቱን በስንፍናው ወይም በጊዜ ማጣት ያሳብባል፤ ደብተሩ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ያሳያል። ገጸ ባሕርይው የሚፈልገው ነገር አልታወቀም፣ ወይም የሚፈልገውን ማንም አልከለከለውም። የእኛ ሽማግሌ ገበያ ደርሶ ታሪኩ ቢቆም፣ ጥያቄው «ቀጥሎ ምን ይሁን?» አይደለም። ገዢዋ ቀሚሱን ወዳው ሙሉውን ዋጋ ልክፈል ብትል ሽማግሌው በምን ሰበብ እምቢ ይላል? እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ምልልሱ ራሱ መምጣት ይጀምራል። «እጅጌው ተቀዷል» ይላታል፤ እጅጌው ግን አልተቀደደም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ጠፍቶብዎት ሲቆሙ፣ ከገጸ ባሕርይው አንደበት አንድ ገጽ የሚሆን ብሶት ይጻፉ፤ ገጹ ታሪኩ ውስጥ ባይገባም ፍላጎቱን ያወጣዋል። ኧርነስት ሄሚንግዌይ ቀጥሎ የሚሆነውን እያወቀ የዕለቱን ሥራ ማቆም ልማዱ ነበር፤ በማግስቱ ባዶ ወረቀት ለሚያስፈራው ሰው ይህ በቀጥታ ሊሞከር የሚገባው ነው።

በሂደትዎ ላይ ለውጥ ሲያደርጉ ግን አንድ በአንድ ይሁን። ሰዓቱን፣ ቦታውንና የዕቅዱን ዓይነት በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው፣ ሥራው ቢቀናው እንኳ የጠቀመው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። በእጅ መጻፍ፣ በስልክ መጻፍ ወይም ምልልስን በድምፅ ቀድቶ መገልበጥም እንደዚሁ በየተራ ይሞከር፤ በመሣሪያ ምርጫ ግን ብዙ ቀን አያባክኑ።

እርማትን በተመለከተ ቅደም ተከተሉ ለሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ነው። መጀመሪያ የታሪኩ አካሄድ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ትዕይንት፣ በመጨረሻ ዓረፍተ ነገሩና ቃሉ ይታያል። ይህን ገልብጦ የሚሠራ ሰው በኋላ የሚጣለውን አንቀጽ ሲያሳምር ወራት ያጠፋል።

በሁለት የተለያዩ መንገዶች ሁለት ታሪኮችን ከጨረሱ በኋላ ረቂቆቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡና በሁለት ቀለም ምልክት ያድርጉባቸው፤ በአንዱ ቀለም እንደገና መሠራት ያለበትን ክፍል፣ በሌላው ደግሞ ሲጽፉት እርስዎን ራስዎን ያስገረመዎትን ዓረፍተ ነገር ያስምሩ። ሦስተኛውን ታሪክ ሁለተኛው ቀለም በበዛበት መንገድ ይጀምሩት።