የቀይ ሥርን ቀለም በግራር ሙጫ ማቆየት

የቀይ ሥር ጭማቂ ክሬም ላይ ሲገባ የሚሰጠው ቀለም በጣም ያምራል። ግን አይቆይም፤ ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ቶሎ ያደበዝዙታል። ቀለሙን የሚሰጡት ቤታላይን የሚባሉ ውህዶች ናቸው። የግራር ሙጫ ሲደርቅ በዙሪያቸው ስስ ሽፋን ይሠራል፤ አየርና እርጥበት በቀላሉ አይደርሱባቸውም። ሙጫው ፖሊሳካራይድ ነው፣ ብዙ ስኳሮች ተያይዘው የሠሩት ማለት ነው። የምግብ ማሸጊያ ላይ ኢ414 ተብሎ ይጻፋል። ለምግብ የተዘጋጀውን ብቻ ግዙ፤ ለሥዕል የሚሸጠው አይሆንም።

ቀይ ሥሩን አጥባችሁ ላጡ፣ ፈቅፍቁ፣ በንጹህ ጨርቅ ጨምቁ። ብሌንደር ሥራ ያቀላል፤ ግን አየር ስለሚያስገባ እኔ መፈቅፈቂያውን እመርጣለሁ። ለ200 ሚሊ ሊትር ጭማቂ አንድ የሻይ ማንኪያ ሎሚ ጨምሩ። ቀለሙ ትንሽ ኮምጠጥ ሲል ይጸናል። ዕቃው ብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ተራ ብረትና መዳብ ቀለሙን ያበላሻሉ።

አሁን ሙጫው። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ጭማቂ የሚገባው 25 ግራም የሙጫ ዱቄት በአንዴ ከተደፋ ይድቦለቦላል፤ ውጪው ይርስና ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ብትመቱት አረፋ እንጂ ሌላ አታገኙም። አረፋ ደግሞ አየር ነው።

ስለዚህ ጭማቂውን በቀስታ እያማሰላችሁ ዱቄቱን በወንፊት ነስንሱበት። ትንሽ ጣሉ፣ እስኪርስ ጠብቁ፣ ድገሙ። ሲያልቅ ክደኑና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ሌሊቱን ሙጫው በደንብ ይሟሟል፣ አረፋውም ይወርዳል። ጠዋት የቀረ ጓል ካለ አጥልሉት። አሳድሩት የምለው በቁም ነገር ነው፤ ያልሟሟ ሙጫ ቀለሙን አይሸፍንም።

የመጋገሪያ ወረቀት ላይ በጣም በስሱ አፍስሱ። ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም ሳያልፍ፣ አየር እየተዘዋወረ ይድረቅ። ለማፍጠን ሙቀት አትጨምሩ፤ ቀለሙ እርጥብ እያለ ነው ይበልጥ የሚጎዳው። ፀሐይ ላይ ማስጣትም አይሆንም፣ ብርሃኑ ይጎዳዋል። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ከተለጠጠ ገና ነው። ደርቆም እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ የቀይ ሥሩ ስኳር በዝቷል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ሙጫውን ወደ 40 ግራም አድርሱት።

ፈጭታችሁ ወዲያው ጥብቅ ክዳን ባለው ጠርሙስ ክተቱ። ዱቄቱ እርጥበት ይስባል። ፍሪዘር ውስጥ ካስቀመጣችሁት ጠርሙሱ እስኪሞቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ክፈቱ። አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

ለክሬም፣ ለእርጎና ለአይስክሬም ግሩም ነው። 180 ዲግሪ ለሚጋገር ኬክ ግን አትልፉ፤ ቀለሙ ያን ያህል ሙቀት አይችልም። ሊጡ ውስጥ ሶዳ ካለ ደግሞ ቀለሙ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ስትጠቀሙ መጀመሪያ በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፤ ምግቡ ላይ የሚጨመረውም መጨረሻ ላይ፣ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው።