የግላኮማ ቱቦ የተተከለበትን ዓይን ለዓመታት መከታተል
በጠብታ ላልተገታ ግላኮማ (የእይታ ነርቭን የሚጎዳ የዓይን በሽታ) እንደ አሕመድ ቫልቭ ያለ የዓይን ውስጥ ፈሳሽ ማፍሰሻ ቱቦ የተተከለለት ሰው፣ ቱቦው የዓይንን ግፊት ቢቀንስም የጠፋውን እይታ እንደማይመልስ አስቀድሞ ሊረዳ ይገባል። አሕመድ ቫልቭንና ቤርቬልት የተባለውን ሌላ ማፍሰሻ ቱቦ ባነጻጸረ ጥናት፣ በ5 ዓመት ውስጥ ሕክምናው ያልተሳካላቸው እንደ ቅደም ተከተላቸው 44.7 እና 39.4 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ስለዚህ ሕመም ባይሰማም ቀጠሮ አይታለፍም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግፊቱ ተመልሶ ሊጨምር ስለሚችል፣ ሐኪም ያዘዘውን ጠብታ በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም (ይህ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው)። በየቀጠሮው ከግፊቱ ሌላ የኮርኒያው (የዓይን ፊተኛው ብርሃን አስተላላፊ ክፍል) ጤንነትና ቱቦውን የሸፈነው ስስ ሽፋን ይበልጥ እንዳልሳሳ እንዲታይ መጠየቅ ይበጃል። ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመ ወይም እይታው በድንገት ከደበዘዘ፣ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ዓመታት ቢያልፉም፣ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።