ከውጭ የሚገባ መድኃኒትና ምግብ ማስመዝገብ፦ ዶሴው ከዕቃው ይቅደም

መድኃኒት ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ያሰበ አስመጪ ቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ውጭ ምንዛሬ ነው። ምዝገባው ግን ኤል ሲ፣ ማለትም ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና ሰነድ፣ ከመከፈቱ በፊት ማለቅ አለበት። ሕጉ ለልዩ ሁኔታ ከሚፈቅደው በስተቀር ያልተመዘገበ መድኃኒት የማስገቢያ ቅድመ ፈቃድ አያገኝም። ያለ ቅድመ ፈቃድ የተጫነ ዕቃ ደግሞ ደረቅ ወደብ ላይ ተቀምጦ ኪራይ ይቆጥራል፤ የአገልግሎት ዘመኑም እዚያው ያልቃል።

ሥራው የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲሆን ኃላፊው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ማመልከቻው የሚገባው በባለሥልጣኑ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ነው፤ ምዝገባው በአይ ሬጂስተር፣ የማስገቢያ ፈቃዱ በአይ ኢምፖርት።

መነሻው የአስመጪው የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ነው። መጋዘኑ ይታያል፣ ኃላፊ የሚሆን ባለሙያ ይጠየቃል። ቀጥሎ ከአምራቹ ጋር የውክልና ስምምነት ይፈረማል። በስምምነቱ ላይ የምርቶቹን ዝርዝር፣ የሚጸናበትን ጊዜና ምዝገባውን የማካሄድ ሥልጣን የማን እንደሆነ በግልጽ ያስጽፉ። «ሁሉንም ምርቶቻችንን ይወክላል» የሚል ጥቅል አነጋገር ሁለተኛ ወኪል የመጣ ቀን ለክርክር በር ይከፍታል።

የመድኃኒቱ ዶሴ የሚዘጋጀው ሲቲዲ በሚባለው ዓለም አቀፍ አቀራረብ ነው። 5 ክፍሎች አሉት፦ አስተዳደራዊ ሰነዶች፣ ማጠቃለያዎች፣ ጥራት፣ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶች። ለጄነሪክ፣ ማለትም ቀድሞ የወጣን መድኃኒት ተከትሎ በሌላ አምራች ለሚሠራ መድኃኒት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው በባዮኢኩቫለንስ ጥናት ይተካሉ። በጥናቱ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበት መጠንና ፍጥነት ከመነሻው መድኃኒት ጋር ይነጻጸራል፤ የውጤቱ 90 በመቶ የመተማመኛ ክልል ከ80 እስከ 125 በመቶ ውስጥ መውደቅ አለበት። እዚህ ላይ በደንብ የሚፈተሸው ነገር ጥናቱ የተደረገበት ምርት እና ሊላክልን ያለው ምርት አንድ መሆናቸው ነው፤ የፋብሪካው ቦታና የቅመማው ይዘት ከተለያዩ ጥናቱ ለእኛ አይሠራም።

ብዙ ዶሴ የሚወድቀው በጥራት ክፍሉ፣ በተለይም በመቆያ ጥናቱ ላይ ነው፤ ይህም መድኃኒቱ በተወሰነ ሙቀትና እርጥበት ሳይበላሽ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚለካበት ጥናት ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚጠናው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ60 በመቶ እርጥበት ነው። ከፍሪጅ ውጭ ለሚቀመጥ ምርት ለእኛ የሚያስፈልገው የረጅም ጊዜ ጥናት ግን በ30 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 65 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ከዚህ ጋር በ40 ዲግሪና በ75 በመቶ እርጥበት ለ6 ወር የተደረገ የተፋጠነ ጥናት ይቀርባል። ናሙናው ቢያንስ ከ3 ባች (በአንድ ዙር ከተመረተ መጠን) መወሰድ አለበት፤ ማሸጊያውም እዚህ የሚሸጠው ራሱ ይሁን። አምራቹ ይህ ጥናት ከሌለው ማንም ሊያቻኩለው አይችልም፤ ወራቱ መቆጠር አለባቸው። ስለዚህ ዋጋ ከመደራደር በፊት የመቆያ ጥናቱን ሰንጠረዥ አስልከው ያንብቡ። ይህን አንድ ገጽ አለማየት ዓመት ያስከፍላል።

ከአስተዳደራዊ ሰነዶች ሁለቱ ወሳኝ ናቸው። አንደኛው በዓለም ጤና ድርጅት አቀራረብ የሚሰጠው የመድኃኒት ምርት ምስክር ወረቀት፣ ማለትም ሲፒፒ ነው። ሁለተኛው የመልካም አመራረት ወይም የጂኤምፒ ማስረጃ ነው። እነዚህን ከመለያ ጽሑፉና ከውክልናው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ቃል በቃል ያስተያዩ። በሲፒፒው ላይ የዋናው መሥሪያ ቤት አድራሻ፣ በጂኤምፒው ላይ የፋብሪካው አድራሻ ሰፍሮ መገኘቱ የተለመደ ችግር ነው። ገምጋሚው ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ የት እንደሚመረት የማወቅ መብት አለው፤ ጥያቄ ጽፎ ይልካል፣ ዶሴውም ይዘገያል። የምስክር ወረቀቶቹ በግምገማው መሐል ጊዜያቸው እንዳያልፍም የሚያበቁበትን ቀን ይመዝግቡ።

አጠር ያለ መንገድም አለ። መድኃኒቱ የዓለም ጤና ድርጅት ጥራቱን ገምግሞ በሚያጸድቅበት የቅድመ ብቃት ምዘና ካለፈ፣ አምራቹ ፈቅዶ የድርጅቱ የግምገማ ሪፖርት ለባለሥልጣኑ በሚስጥር የሚጋራበት የትብብር አሠራር አለ፤ ውሳኔው በ90 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ የታለመ ነው። ፈቃዱን መስጠት ያለበት አምራቹ ስለሆነ በመጀመሪያው ደብዳቤ ይጠይቁት።

በምግብ በኩል ቀዳሚው ሥራ ምድቡን መለየት ነው። በካፕሱል የታሸገ የምግብ ማሟያ መለያው ላይ «በሽታ ይፈውሳል» ካለ እንደ ምግብ አይታይም። ለአብዛኛው ምግብ የላቦራቶሪ ትንተና ውጤት፣ በአምራቹ አገር በነፃ እንደሚሸጥ የሚገልጽ ማስረጃና የጤና ሰርተፍኬት ይዘጋጃሉ። መለያው የምርቱን ስም፣ ግብዓቶቹን፣ የተጣራ ክብደቱን፣ የአምራቹን ስምና አድራሻ፣ የባች ቁጥርና የመጠቀሚያ ማብቂያ ቀን ይይዛል። የሕፃናት ፎርሙላ (የዱቄት ወተት) ላይ ቁጥጥሩ ጠበቅ ማለቱ ተገቢ ነው፤ በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ደንብ ቆርቆሮው ላይ የሕፃን ሥዕል ይከለክላል፣ የጡት ወተት ብልጫም እንዲጻፍ ያስገድዳል። ለሌላ አገር የታተመ ቆርቆሮ ይዞ መምጣት አያዋጣም።

ምዝገባው ካለቀ በኋላ ለእያንዳንዱ ጭነት በፕሮፎርማ ኢንቮይስ (ሻጩ አስቀድሞ በሚልከው የዋጋ ሰነድ) ቅድመ ፈቃድ ይወጣል። ቦሌ አየር ማረፊያ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ተቆጣጣሪው የሚያስተያየው ፈቃዱን፣ ኢንቮይሱን፣ የባች ትንተናውንና ዕቃውን ነው። አምራቹ ሳያሳውቅ የማሸጊያ መጠን ወይም ፋብሪካ ከቀየረ ዕቃው ከተመዘገበው ጋር አይገጥምም፣ ይያዛልም፤ ለውጡ አስቀድሞ ለባለሥልጣኑ ቀርቦ መጽደቅ ነበረበት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚጓጓዝ መድኃኒት ከሆነ በየሳጥኑ የሙቀት መመዝገቢያ እንዲገባ ያዝዙ፤ ዕቃው እንደደረሰ ንባቡን ሳያወርዱ ወደ መጋዘን አያስገቡ።