የባልዲ ቲማቲም ችግርና መፍትሄ፦ ከመርጨታችሁ በፊት ጣት ክተቱ፣ ቅጠል ገልብጡ

ባልዲ ውስጥ የተተከለ ቲማቲም ሥሩ መሄጃ የለውም፣ አብዛኛው ጣጣ ከዚች ነው የሚመጣው። ውሃ ሲያልቅበት ጠልቆ አይፈልግም፣ ማዳበሪያ ሲበዛበት አይሸሽም፣ ፀሐይ ባልዲውን ስታግለው ሥሩም አብሮ ይግላል። ጥሩ ጎኑ ደግሞ ባልዲ ይነሳል፣ ይዞራል፣ ይጋደማል፣ የታመመውን ከጤነኛው ማራቅ ይቻላል፣ መሬት ላይ ያለውን እንደዚ ማድረግ አትችሉም። ብዙ ሰው ቅጠል ቢጫ ሲል ገና "ተባይ ገባ" ብሎ የሚረጭ ነገር ፍለጋ ይሮጣል። እኔ የምለው መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱ፣ ከዛ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ፣ ግማሹ ችግር እዛው ይፈታል።

ተክሉ ጠውልጓል

ቀትር ላይ ተልፈስፍሶ ማታ ቀና ካለ ሙቀቱ ነው፣ ተዉት። ጠዋት ገና ፀሐይ ሳትበረታ ጠውልጎ ካገኛችሁት ነው ጣት የሚገባው። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ቀስ እያላችሁ ከታች ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ አጠጡ፣ ግን ልብ በሉ፣ በጣም የደረቀ አፈር ውሃ አይቀበልም፣ በባልዲው ግድግዳ ዳር ተንሸራቶ በታች ይወጣና ጠጣ ብላችሁ ትሸወዳላችሁ። እንደዛ ከሆነ ባልዲውን ሳፋ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፣ ከታች ይስባል።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ ግን ሥሩ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ውሃ ጨምሮበት የሚጨርሰው። ቀዳዳው ተደፍኖ እንደሆነ እዩ፣ ባልዲውን ሁለት ጡብ ላይ ከፍ አድርጉት፣ ላዩ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር እስኪደርቅ ውሃ አቁሙ።

የፍሬው ቂጥ ጠቆረ

አበባው በነበረበት በኩል ቡናማ ወይ ጥቁር ሆኖ ይሰረጉዳል፣ ቆዳ ቆዳ ይመስላል። ትልም በሽታም አይደለም፣ አይዛመትም፣ ምንም ብትረጩ ለውጥ የለውም። ፍሬው ካልሲየም ስላላገኘ ነው፣ ካልሲየም ደግሞ ተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከውሃ ጋር ስለሆነ አንድ ቀን ደርቆ አንድ ቀን ሲጥለቀለቅ ፍሬው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ውስጥ ካልሲየሙ አለ፣ የጎደለው እኩል የሆነ ውሃ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ መበተን የሚሉት ነገር አይጎዳም፣ ግን ቅርፊቱ ለመበስበስ ብዙ ጊዜ ስለሚፈልግ አሁን የጠቆረውን አያድንም። የጠቆሩትን ቁረጡ፣ አፈሩን በደረቅ ሳር ጎዝጉዙት፣ በሙቀት ወቅት በየቀኑ አንዳንዴም ጠዋትና ማታ አጠጡ፣ ዩሪያ የመሰለ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም ቀንሱ። ባልዲው ትንሽ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ልፋት ነው፣ ረጅም ለሚያድግ ዘር ቢያንስ 20 ሊትር ያስፈልጋል።

አበባው ይረግፋል

ቀን ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን፣ ሌሊቱ ደግሞ ከ13 በታች ወይ ከ24 በላይ ሲሆን አበባው ሳይዝ ይረግፋል፣ አየሩን መለወጥ አይቻልም፣ ግን ባልዲ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ጥላ ወደሚያገኝበት ማዞር ይቻላል። ነፋስ የማይደርስበት ቦታ ካለ ደግሞ ረፋድ ላይ የአበባውን ዘለላ በጣት መታ መታ አድርጉት፣ ቲማቲም ራሱን ነው የሚያዳቅለው፣ መነቅነቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተንዠርግጎ አበባ ከሌለው ያው ናይትሮጅን አብዝታችኋል ማለት ነው።

ቅጠሉ ላይ ደቃቅ ነጣ ያሉ ነጥቦች

አሁን ወደ ቅጠሉ ጀርባ እንሂድ። ከላይ ሲታይ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ከዛ ቅጠሉ ወዙን እያጣ ቢጫ ከዛም ነሐስ መልክ ይይዛል፣ ሲብስ ቅርንጫፎቹ መሃል ቀጭን ድር ይታያል። ይሄ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ነው፣ ስሙ ቀይ ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ ጎኑና ጎኑ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው፣ ቁመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን ማየት ይከብዳል። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ያዙና ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት፣ የወደቀው ብናኝ መራመድ ከጀመረ አገኛችሁት።

ደረቅና ሞቃት አየር ይወዳል፣ ሙቀት ላይ ከእንቁላል እስከ አዋቂ ሳምንት አካባቢ ነው የሚፈጅበት፣ ስለዚ ዛሬ ነገ ስትሉ ይወራችኋል። መጀመሪያ ባልዲውን ከሌሎቹ አርቁት። ከዛ አፈሩ እንዳይፈስ የባልዲውን አፍ በፌስታል ሸፍናችሁ እሰሩ፣ ባልዲውን አጋድሙትና የቅጠሎቹን ጀርባ ጠንከር ባለ ውሃ እጠቡ። ማታ ላይ ደግሞ የሳሙና ውሃ እርጩ፦ ለ1 ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ተራ ፈሳሽ ሳሙና፣ የልብስ ዱቄት ሳሙና ወይ በረኪና ያለበት በፍፁም አይሆንም፣ ቅጠል ያቃጥላል። አንድ ቅጠል ላይ ሞክራችሁ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ፣ ካልጎዳ ቀጥሉ። ሳሙና የሚገድለው እርጥብ ሆኖ የነካውን ብቻ ነው፣ ከደረቀ በኋላ ምንም አይሰራም፣ እንቁላሉንም ብዙ አይነካም፣ ለዛ ነው በየ5 እስከ 7 ቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ መደገም ያለበት። አንዴ ረጭተው "አልሰራም" የሚሉት እዚህ ጋ ነው የሚሳሳቱት።

ሌላው ደግሞ ያገኛችሁትን ጠንካራ የነፍሳት መድሃኒት አትርጩበት። ቀይ ሸረሪት ነፍሳት አይደለም፣ ብዙዎቹ መድሃኒቶች እሱን ትተው እሱን የሚበሉትን ይጨርሱና ከበፊቱ ብሶ ይመጣል።

ቅጠሉ ይጣበቃል፣ ጉንዳን ይመላለሳል

ክሽክሽ የሚባለው የተክል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት ነው። ለጋው ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይመጣል፣ ከሱ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ቅጠሉን ያጣብቀዋል፣ ጉንዳኑ የሚመጣው ለሱ ነው፣ ክሽክሹን ከሚበሉት ነፍሳት ሳይቀር ይጠብቅለታል፣ ስለዚ ጉንዳኑን ሳታቆሙ ክሽክሹን መጨረስ ያስቸግራል። ባልዲው የቆመባቸውን ጡቦች ውሃ ያለበት ዝርግ ዕቃ ውስጥ አድርጉ፣ ተክሉ ግድግዳም ሽቦም እንዳይነካ። ክሽክሹን በውሃ ግፊት አውርዱት፣ የቀረውን በሳሙናው። መሃላቸው ያበጠና ቡናማ ሆኖ የደረቀ ክሽክሽ ካያችሁ አትንኩት፣ ውስጡ ጥገኛ ተርብ ነው ያለችው፣ ወጥታ ሌሎቹን ትፈጅላችኋለች።

ስትነኩት ነጭ ብናኝ ብር ይላል

ነጭ ዝንብ። ጠዋት አየሩ ሲቀዘቅዝ መብረር ስለሚያቅተው ያኔ ነው የሳሙናውን ውሃ ከቅጠሉ ጀርባ መርጨት። ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት አዋቂዎቹን ይይዛል፣ ጮርቃዎቹ ግን የታችኞቹ ቅጠሎች ጀርባ ላይ ተለጥፈው ስለሚቀመጡ እነዚህን ቅጠሎች ቁረጡ። ከዝንቡ በላይ የሚያስፈራው የሚያመጣው ቫይረስ ነው። አዲስ የሚወጣው ቅጠል አንሶ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኖ፣ ወደላይ ተቆልምሞ፣ ተክሉ ማደግ ካቆመ ቅጠል የሚጠቀልለው ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ መድሃኒት የለውም። ተክሉ ላይ ትልቅ ፌስታል አልብሳችሁ ነው የምትነቅሉት፣ አለዚያ ዝንቡ ተበትኖ ጎረቤቱ ባልዲ ላይ ያርፋል። የታችኛው ቅጠል ብቻ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ከተጠቀለለ ግን ሙቀት ወይ ጥም ወይ ብዙ ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው፣ አትደንግጡ።

ቅጠሉ ውስጥ መንገድ፣ ፍሬው ላይ ቀዳዳ

ቀጭን ጠመዝማዛ ነጭ መስመር ብቻ ከሆነ ቅጠል ሰርሳሪ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ትል በጥፍር ጨፍልቁ፣ ፍሬውን አይነካም። መስመሩ ሰፍቶ እንደ ስስ ላስቲክ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ውስጡ ጥቁር ኩስ ካለበት ግን ቱታ አብሶሉታ ነው፣ ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ በ2006 እ.ኤ.አ. ስፔን የገባች ከዛ ብዙ አገር ያዳረሰች የእሳት ራት። እሷ ፍሬም ግንድም ትበሳለች። በፍሬው ላይ ትልቅ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ደግሞ ጓይ ትልን ጠርጥሩ፣ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ጋ ትሄዳለች። ለሁለቱም ቢቲ የሚባለው ባክቴሪያ ትሏ ገና ትንሽ ሆና ሳትገባ ከተረጨ ይሰራል፣ ከገባች በኋላ ምንም አይደርስባትም። የተበሳውን ፍሬና ቅጠል ላስቲክ ውስጥ ቋጥራችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡ፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጣሉ።

የቱታ ትል ሙሽሬ (ወደ እሳት ራትነት ከመለወጧ በፊት ያለው ደረጃ) የምትሆነው በብዛት አፈር ውስጥ ስለሆነ ምርቱ ካለቀ በኋላ ያንኑ አፈር ዝም ብላችሁ ቲማቲም አትድገሙበት። አርጥቡት፣ ስስ አድርጋችሁ አነጥፉት፣ በሚያሳልፍ ላስቲክ ዳር ዳሩን ደፍናችሁ ሞቃት ወቅት ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ፀሐይ ይምታው፣ ባልዲውንም በሳሙና እጠቡት።